ሁለት ሰው የሚይዝ ማማ

ዐፊፋ ሽኩርን የጠላኋት አባቴ እጇን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ያየሁ ዕለት ነው። እስከዚያ ቀን ጓደኛዬ ነበረች። በአንድ የአጥር ቀዳዳ እየሾለክን፣ አንድ ሸንኮራ ለሁለት እየመጠጥን ነው ያደግነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ የነሱ ቤት ጀርባ ከኛ ቤት ጀርባ ጋር ተደጋግፎ የቆመ ስለነበር፣ እናቷ እትዬ ሸሪፋ እሷን ስትቆጣ እኔም ከግድግዳው ወዲህ አርፌ እቀመጥ ነበር።

ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢያልፈው ነው። መስቀል አልፎ ጭቃው መጠጥ ያለበት ሰሞን፣ አመሻሹ ላይ እናቴ ወርቅአፈራሁ በር ላይ ቆማ፣ "ሙሉዬ፣ እስቲ አባትሽን እይልኝ፤ ምን ሆኖ ነው የቀረው?" ብላ ላከችኝ። አባቴ አጥናፉ አናጢ ነበር። የሚሠራባት ቤት ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብላ ነው ያለችው። መንገዱ አጭር ስለሆነ እየዘለልሁ ወረድሁ። ግማሽ ሳልደርስ ሲመጡ አየኋቸው።

አባቴ መጋዙን በግራ ብብቱ ይዟል። ዐፊፋ ደግሞ ሰጋቱራ የሞላ ጆንያ በጀርባዋ አዝላለች። የእንጨት ብናኙን ለምድጃ ማገዶ ከአባቴ ዘንድ ስለምትወስድ እሱስ አልደነቀኝም። የደነቀኝ ቀኝ እጁ ነው። ጣቶቹን በጣቶቿ መሀል አስገብቶ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ይራመዳል። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ቆመች፤ እሱም ቆመ። ተሻገረች፤ እሱም እግሩን ከፍ አድርጎ አንሥቶ ተሻገረ።

አባቴ የኔን እጅ በመንገድ ላይ ይዞ አያውቅም። "ልጅ በአደባባይ አይሞላቀቅም" ባይ ነው። እሱ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው ሮጥ ሮጥ እያልሁ እከተላለሁ። የሱን ፊት ከማየት ይልቅ ተረከዙን ሳይ ነው ያደግሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

"አባዬ!" ብዬ ጮኽሁ።

እጇን ወዲያው ለቀቀ። "ማን ነው? ሙሉ ነሽ እንዴ?" አለ።

ከፊቱ ቆሜያለሁ። እጁን ቢዘረጋ ይነካኛል። ከዐፊፋ ጋር መዋል ከጀመረ የገዛ ልጁ መልክ ጠፋው ብዬ ቆሽቴ እርር አለ። ዐፊፋ ጆንያዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ታጠፈች። አባቴም እንደ ወትሮው ቀደም አላለም፤ "ሂጂ፣ ከፊት ሂጂ፣ እየዘፈንሽ ሂጂ" አለኝ። እኔ ግን ተኮሳትሬ ዝም ብዬ ሄድሁ፤ ከኋላዬ ድንጋይ ሲያደናቅፈው ሰማሁና ይበልህ አልሁ በልቤ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ሰላይ ተከታተልኋቸው። ቀን ቀን ዐፊፋ የለችም። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ግን ጆንያዋን ይዛ ከች ትላለች። አንድ ቀን እኔ ቀድሜ ሄጄ የሳንቃ ክምር ላይ ተቀመጥሁ። አባቴ ሳንቃ እየላገ ብዙ ቆየ። በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ እንደገና ይልጋል፣ እንደገና ይዳብሳል። ብርሃኑ ሲለዝብ መላጊያውን አስቀመጠና፣ "በይ እናትሽ ትፈልግሻለች፣ ሳይመሽ ግቢ" አለኝ።

"አብረን እንግባ።"

"እኔ ሥራ አለኝ።"

ሥራ አልነበረውም። እኔ ስወጣ ዐፊፋ ስትገባ በሩ ላይ ተላለፍን። ዘወር ብዬ በስንጥቁ ሳይ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሲሰጣት አየሁ። የፒያሳ ከረሜላ፣ ያ በወርቃማ ወረቀት የሚጠቀለለው። ለኔ በዓመት በዓል ካልሆነ የማይመጣው። ያን ቀን ራት አልበላሁም፤ እናቴ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ደጋግማ ዳበሰችው።

ከረሜላውንስ እሺ፣ ቻልሁት እንበል። ዛፌን መውሰዷ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ።

ዛፍ ነበረኝ። አይቼው ባላውቅም ነበረኝ። አባቴ፣ የዐፊፋ አባት ጋሽ ሽኩርና ጋሽ ገብረክርስቶስ የሚባል የፒያሳ ወርቅ ሠሪ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ድኩላ አደን ይሄዱ ነበር። የሚሄዱት ከወሊሶ ወዲያ፣ የጋሽ ሽኩር አጎቶች አገር አጠገብ ወዳለ ጫካ ነው። የነሱ አደን ሩጫ የለውም። አባቴ እዚህ ሆኖ ከሳንቃ ማማ ይሠራል፤ እዚያ ሲደርሱ በጠፍር አሥረው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ከዚያ ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ድኩላው እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የተወለድሁ ዓመት አባቴ ከወንዙ ዳር አንዲት ትልቅ ሾላ አገኘ። ፍሬዋ ሲረግፍ ድኩላ ሁሉ አመሻሹ ላይ ሥሯ ይሰበሰባል። እሷ ላይ ማማውን ሰቅሎ አንድ ወንድ ድኩላ ጥሎ ቤቱ ሲገባ እኔ ተወልጄ ጠበቅሁት። "በቃ፣ ያቺ ሾላ የሙሉዓለም ናት" አለ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም በዚያው ስም ይጠሯታል። ሌላው ሰው የእናት አባቱ ርስት ነበረው፤ እኔ ጫካ ውስጥ ዛፍ ነበረኝ። ዐፊፋ የላትም። አባቷ የሚቀመጠው ስም የለሽ ዋንዛ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሦስቱ ሰዎች በአንድ መኪና ይሄዳሉ፣ በአንድ ውሃ ይታጠባሉ፣ ትንባሆ ብቻ ነው ገብረክርስቶስን ለብቻው የሚያስቀምጠው። ሥጋ ላይ ግን ይለያያሉ። ጋሽ ሽኩር በአላህ ስም ያረደውን እኛ አንበላም፤ አባቴ በስመ አብ ብሎ የባረከውን እነሱ አይቀምሱም። ስለዚህ ሁሉም በየማማው፣ በየጠመንጃው፣ በየቢላዋው ነው። ሁለቱም የቀናቸው ዓመት ግድግዳው ወዲህና ወዲያ ሁለት ድስት ይንተከተካል። ሽታው ይገናኛል፣ ድስቱ አይገናኝም።

እንግዲህ አንድ እሑድ አመሻሹ ላይ ሦስቱም በአባቴ የሥራ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። የዘንድሮው ማማ ስንት ይሁን፣ የት የት ይሰቀል የሚለውን ሊቆርጡ ነው። እኔ የሳንቃው ክምር ላይ ነኝ። ዐፊፋ ደግሞ፣ ማን እንደጠራት እንጃ፣ ከአባቴ ጎን ቆማለች።

አባቴ ጫካውን ጠረጴዛው ላይ ሠራው። ከመላጊያው የወጣ ረጅም ጥቅልል ወንዙ ሆነ። መላጊያውን ደፍቶ ጉብታ አደረገው። ዛፎቹ ምስማር ናቸው። እጁን ሲዘረጋ ዐፊፋ ምስማር መዳፉ ላይ ታኖራለች፤ እሱ ቦታውን በጣቱ እየዳሰሰ ያቆመዋል። አንድ ጊዜም "ስጪኝ" አላላትም። እኔም ምስማር ማቀበል እችላለሁ። አንድ ምስማር አንሥቼ በሌላው ጎኑ ዘረጋሁለት፤ እጄ እፊቱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከዐፊፋ ተቀበለ።

"አራት ማማ" አለ ጋሽ ገብረክርስቶስ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ፣ አፉ የማይሞት አራዳ ነው። "አንዱ ሾላው ላይ፣ አንዱ የወንዙ መሻገሪያ መልካው ላይ፣ አንዱ ዋንዛው ላይ። አራተኛው የነፋስ ነው። ነፋሱ ፊቱን ካዞረ ድኩላው ጠረንህን ያገኛታል፤ ያኔ ወርደህ ሌላው ላይ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም?"

"ሁለት ይበቃል" አለ አባቴ።

"ለሦስት ሰው?"

"አንዱ ላንተ ነው፤ መልካው ላይ።" አባቴ ምስማሩን አንሥቶ ከተደፋው መላጊያ ማዶ ተከለው። "ከጉብታው ወዲያ። ሌላው ሾላው ላይ ይሰቀላል። ሰፋ አድርጌ እሠራዋለሁ፤ እኔና ሽኩር አብረን እንቀመጣለን።"

ጋሽ ገብረክርስቶስ ሳቁ ፈነዳ። "አንተ ሰው! ማማ ነው ወይስ የሙሽራ አልጋ የምትሠራው?" ሲስቅ ቆየና ደግሞ ኮስተር አለ። "ቆይ፣ ድኩላው ቢወድቅስ የማን ቢላዋ ነው የሚያርፍበት? ክርስቲያንና እስላም አንድ ማማ ላይ ተቀምጦ ሥጋው የማን ሊሆን ነው?"

"መጀመሪያ ይምጣ" አለ ጋሽ ሽኩር። ፒያሳ ጥግ ላይ ክርና ቁልፍ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቃል የሚለካው እንደ ክሩ በክንድ ነው።

"እኔንስ ከጉብታው ወዲያ ምን በደልሁና ነው የምታስወጡኝ? አምና ሾላው አጠገብ አልነበርሁ? እንዲያውም ቀድሜ ወርጄ ወደናንተ ስመጣ..."

አባቴ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ትንባሆህ ነው" አለ ጋሽ ሽኩር ፈጠን ብሎ። "አምና ትንባሆህ አይደል ድኩላውን ያባረረው? ከጉብታው ወዲያ እንደ ልብህ አጭስ።"

"አይ እንግዲህ!" አለ ገብረክርስቶስ፤ ግን ነገሩን ተወው። ቢያኮርፍ ኖሮ ለኛ ክፉ ነበር። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ባንኮኒ ሲያሠሩ አናጢ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ እሱም "አጥናፉ ዐይኑ ሜትር ነው" እያለ ወደ አባቴ ይልካቸዋል። በሱ አፍ ነው እንጀራችን የሚበላው።

እኔ ግን ባንኮኒው መች ታየኝ። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ሽኩር ሾላዬ ላይ ሊወጣ ነው። በጫካው ከዛፍ ሁሉ እሷ ተመርጣ፣ ግማሿ ለዐፊፋ አባት ተሰጠ። የሚወድቀውም ድኩላ የዐፊፋ ቤት ድስት ውስጥ ሊገባ ነው። አባቴ እጁን ሰጣት፣ ከረሜላዬን ሰጣት፣ አሁን ዛፌን ሰጣት። የቀረኝ ስሜ ነው፤ እሱንም ይስጣትና ልረፈው አልሁ።

ያን ዕለት አጥሩ ቀዳዳ ጋ ጠብቄ ያዝኋት።

"አባቴን ተይልኝ" አልኋት። "አንቺ የራስሽ አባት አለሽ።"

ዐፊፋ በእግሯ ጣት አፈሩን መጫር ጀመረች። "እኔ አልሄድኩበትም። እሱ ነው ነዪ ያለኝ።"

"ለምን?"

ጥርሷን ነከሰች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። ዛሬ የስምንት ዓመት ልጅ ሳይ፣ አንዲቷ እንኳ ይህን ያህል ምሥጢር በሆዷ ትይዛለች ብዬ አላምንም። ያኔ ግን እንባዋን የጥፋተኛ እንባ አደረግሁት። ገፍትሬያት ገባሁ።

ማማው ሲያልቅ ሄጄ አየሁት። ወለሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ያለ፣ ጠፍር የሚገባበት ቀዳዳ በአራቱም ማዕዘን ያለው ነው። ወጥቼ ተቀመጥሁበት። ከጎኔ አንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተረፈ።

"አባዬ፣ ለምን እኔን አትወስደኝም? ቦታ አለው።"

"ሴት ልጅ ለአደን?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። "ሽኩር ጥሩ ዐይን አለው" አለ።

"ያንተስ?"

"የኔ እጅ ነው" አለና የማማውን ጠርዝ በመዳፉ ዞረው። አንዲት እሾህ የምታህል ስንጥር አገኘና ነቅሎ ጣላት። እኔ እያየሁ ሳለ ያላየኋት ስንጥር ናት።

የሄዱት ኅዳር ውስጥ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ማማዎቹ በትሬንታ ኳትሮ መኪና ላይ ተጭነው ከድልድዩ ሲነሡ አባቴ ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘ፤ እኔ ካለሁበት ትንሽ ፈንጠር ወዳለ ቦታ ነበር የሚያወዛውዘው። ዐፊፋ የት ቆማ ይሆን ብዬ ወደዚያ ዞርሁ። አልነበረችም። ከዚያ በቀጥታ አራዳ ጊዮርጊስ ሄድሁና ደጀ ሰላሙን ተሳልሜ፣ "ጊዮርጊስ ሆይ፣ ጋሽ ሽኩርን አስተው፤ ለአባቴ አድርገው። ድኩላው የኛ ይሁን" ብዬ ለመንሁ። ደግሜም፣ "ለነሱ አንድ አጥንት እንዳይደርሳቸው" አልሁ። ሃይማኖታቸው እንደማይፈቅድ እያወቅሁ ነው ይህን የጨመርሁት። ቅናት እንዲህ ጥንቁቅ ያደርጋል።

ጸሎቴ ደረሰ። ሲመለሱ ድኩላው በኛ በር ገባ። ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ ነው፤ በስመ አብ የተባረከ፣ የኛ። እናቴ እልል አለች። ገብረክርስቶስ ራሱ የገደለ ይመስል ግቢውን ሞላው።

"አንድ ጥይት!" ይላል። "ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፣ እኔ መልካው ላይ እጄን ማየት ተስኖኝ ሳለ፣ አንድ ጥይት ብቻ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ አጥናፉ ቢላዋውን እየጠረገ ነው። በዚያ ድንግዝግዝ! ይህ ሰው የድመት ዐይን ነው ያለው!"

አባቴ አልፎከረም፣ አልሳቀም። "እግዚአብሔር ሰጠን" ብቻ አለ። ጋሽ ሽኩር በሩ ላይ ቆሟል። ጠመንጃው ተሸፍኗል፣ እጁ ባዶ ነው። "ጎበዝ ነህ አጥናፉ" አለና ወደ ቤቱ ሄደ። ያን ባዶ እጅ ሳይ ልቤ ጭፈራ ጀመረ።

ጭፈራዬ ግን ብዙ አልዘለቀም። በኛ ቤት ጉበቱ ሲጠበስ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የኔ ናት። ሁሌም እንዲሁ ነው። አባቴ ያን ቀን ጉበቱን በሳህን አስቀርቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ገልጦ ቆየ፤ ከዚያ ብቻውን ይበላ ጀመር። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁት። ጠበቅሁት።

"አባዬ፣ ለኔስ?"

"ይህ የኔ ነው" አለ። የሱ አይመስልም ድምፁ። "ሥጋውን ብዪ፣ ሙሉ። ሥጋው ሁሉ ያንቺ ነው።"

ሁሉንም ጨረሰው፤ ሳህኑን በጣቱ ጠረገው። ስስታም ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ጨርሶ ዐይኑ ጠፋ። ከዚያም ብዙ ዓመት በመዳፉ እየሠራ ኖረና ሞተ። ለቅሶው ላይ ዐፊፋ ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ ሰዉ ሳሳ ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነገረችኝ። ያኔ አባቴን ዳፍንት ይዞት ነበር። ቀን ያያል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግን ከፊቱ የቆመው ሰው ይሁን ግንድ አይለይም። አምና ማማው ላይ ሆኖ ሥሩ የሚንቀሳቀስ ጥላ አየና ድኩላ መስሎት አነጣጠረ። ከዋንዛው ወርዶ ወደ ማማው እየወጣ የነበረው ጋሽ ሽኩር አፈሙዙን ወደ ላይ ባይገፋው ኖሮ ይተኩስ ነበር፤ ጥላው ገብረክርስቶስ ነው። እሱ እንዲህ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ሳያውቅ ነው ትንባሆውን እያጨሰ ያረጀው። ከጉብታው ወዲያ የሰቀሉት ለዚህ ነው። ማማው ሁለት የሆነውም ለዚህ፤ አባቴን ብቻውን ማማ ላይ ሊተዉት አልቻሉም፣ አይሄድም ቢሉ ደግሞ ገብረክርስቶስ ለምን ይላል፤ ለምን ካለ ፒያሳ ይሰማል፤ ፒያሳ ከሰማ ዐይኑን ለታመመ አናጢ ማን ባንኮኒ ያሠራል?

"ድኩላውንስ?" አልኋት፤ መልሱ ገና ሳይመጣ አውቄው።

የመታው ጋሽ ሽኩር ነው። ድኩላው ሲወድቅ ወርዶ ቀንዱን ያዘና የአባቴን እጅ መርቶ አንገቱ ላይ አኖረው። "ባንተ ቢላዋ ይሁን" አለው። የጋሽ ሽኩር አገር መድኃኒት አዋቂ ለዳፍንት መድኃኒቱ የጫካ አውሬ ጉበት ነው ብለው ነበርና፣ ጋሽ ሽኩር ቢያርደው አባቴ አይበላውም። ከዓመት አንዴ የሚገኘውን ሥጋ በገዛ ጥይቱ ጥሎ፣ ቤቱ ባዶ እጁን ገባ።

"ለምን አንቺን መረጠ? ለምን ለኔ አልነገረኝም?" አልኋት። በአባቴ ለቅሶ ላይ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ድምፄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

"እኔንም አልመረጠኝም። አንድ ቀን ቦዩ ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ሆንሁ እንጂ" አለች። "ለሙሉ ልንገራት ብዬው ነበር። ምን አለኝ መሰለሽ፤ 'ሙሉ ዛፍ አላት። ዛፏ ላይ የሚቀመጠው ጎበዝ አባቷ ነው። እሱን አልወስድባትም።'"

አመሰገንኋት። አቅፌም ሳምኋት። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እያቀፍኋት ሳለ ቀናሁባት። ለኔ ጎበዙን አባት ተወልኝ፤ ለሷ ግን የሚደናቀፈውን፣ የሚፈራውን፣ እጁን የሚሰጠውን ሰው ሰጣት። ያን ሰው እኔ አላገኘሁትም። ዛሬም ፒያሳን አቋርጬ ወደ ድልድዩ ስወርድ ያ ቅናት አብሮኝ ይወርዳል።

ያን የጉበት ቀን ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ጉበቴን መከልከሌን ነው። ንዴቴን የምወጣበት አንድ ቦታ ብቻ ስለነበረ፣ የተጠበሰ ጎድን ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። ከነሱ ቤት የጎመን ሽታ ይመጣል። ዐፊፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሰጋቱራ ምድጃው ውስጥ ትጠቀጥቃለች።

"አባቴ ገደለ" አልኋት፤ ጎድኑን አፍንጫዋ ሥር አወዛወዝሁት። "በኔ ዛፍ ላይ ሆኖ! በአንድ ጥይት! ያንቺ አባት ምንም አልመታም!"

ዐፊፋ ጎድኑን አላየችውም። ከምድጃው ቀና ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "ጉበቱንስ በላው?"

ይህ ምን ማለት ነው? ምን አገባት? ቁስሌን ማን ነገራት?

"በላው!" አልሁ። "ብቻውን ጨረሰው! ለኔ እንኳ አላቀመሰኝም!"

ፊቷ ሁሉ በራ። እጇ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በትና ብድግ አለችና ወደ ውስጥ ሮጠች።

"አባዬ! አባዬ! በልቶታል! አንድ ሳያስቀር በልቶታል!"

ከውስጥ ጋሽ ሽኩር "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁት። ቀጥሎ እትዬ ሸሪፋ እልል አለች፤ እልልታዋ የኛን ቤት ግድግዳ ዘልቆ ሳይገባ አልቀረም። እኔ ጎድኑን ይዤ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ድኩላው በኛ በር ገብቶ ደስታው እነሱ ቤት ገባብኝ ብዬ አለቀስሁ።